የአባወራ ድርሻ

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው። ይህን እናቴ ያስተማረችኝ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ክንፉ የልጆች፣ ቅልጥሙ የእንግዳ፣ ፈረሰኛው የአባወራ። አባቴ መንገድ ሄዶ ቢዘገይ ፈረሰኛው በትንሽ ድስት ተከድኖ ይጠብቀዋል። ሁለት ቀን ቢሆን፣ ሦስት ቀን ቢሆን እየሞቀ ይጠብቀዋል፤ ማንም አይነካውም። እኔም ካገባሁ በኋላ እንዲሁ አደረግሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሚስትነት አልነበረም።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ገባሁ፤ ቁመቴ ሲረዝም አባቴ አስወጣኝ። ይህን የምጽፍበትን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። አሁን አስተማሪ ሆና ሌላ አገር ትኖራለች። ባለፈው ስትመጣ፣ «እማዬ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ከመብላት ጻፊ» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም በምን እንደምንስቅ እናውቃለን፤ ሌላ ሰው ቢሰማን ግን አይገባውም። ስለዚህ እሱኑ እጽፋለሁ።

ቤታችን ጁገል በሚባለው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነበር። የእኔም የባለቤቴም ወገኖች በድሮ ዘመን ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከግንቡ ውጭ በሸዋ በር በኩል ይኖራሉ። እኛ ግን በአንዲት የሐረሪ ባልቴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። ባልቴቷ በአክርማ ሣር ስፌት ይሰፋሉ። እኛ ሥጋቸውን አንበላም፣ እሳቸውም የእኛን አይበሉም፤ የሁለታችንም ሃይማኖት ነው። ዳቦና ሻይ ግን በግቢው መካከል ሲመላለስ ይውላል።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወደ ጅጅጋ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኦጋዴን ይጭናል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ኋላ በአሥራ አምስት ቀን ሆነ። ኋላ ለበዓል ብቻ።

ሌላ ቤት እንዳለው በአፉ አልነገረኝም። አበላሉ ነው የነገረኝ።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ። የዚያን ጊዜ መንገድ አቧራ ብቻ ነው፤ ከጅጅጋ የገባ ሾፌር እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ሰው ነው። አስታጠብኩት፤ ፈረሰኛውን አወጣሁለት። ሁለት ጊዜ ጎረሰ። ሦስተኛውን ጠቅልሎ ልጃችንን አጎረሳትና እጁን ጠረገ።

«ምነው? ጨው በዛበት?» አልኩት።

«ኧረ ቆንጆ ነው። መኪናው አንገላቶኝ ነው።»

ከአሥር ዓመት በላይ አብስዬለታለሁ። ሲደክመው እንዴት እንደሚበላ አውቃለሁ። ሲያመውም አውቃለሁ። ይህ የጠገበ ሰው አበላል ነበር። ጠዋት አንድ ሰው በደንብ አብልቶ፣ ምናልባትም «ጨምር፣ በሞቴ» ብሎ ሸኝቶታል። በዓል መሆኑን የሚያውቅ፣ ወደ እኔ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው። አልጠየቅሁትም። ፈሪ ነኝ፤ ብጠይቀው ይመልስልኛል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ተነሥቶ ሄደ። የተረፈው ፈረሰኛ በትንሹ ድስት ውስጥ ነበር። ልጄ ግቢ ውስጥ ስትጫወት ድስቱን ከፈትኩ። አላሞቅሁትም። ቅቤው ረግቶ ነበር። ቆሜ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በላሁት። ጣዕሙ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ አፌ ውስጥ አልቆየም። አጥንቱን ስግጥ ነው ምን እያደረግሁ እንዳለሁ የታወቀኝ። ደግሞ ርቦኝ አልነበረም፤ ምሳ ከበላሁ ገና አልቆየሁም። አጥንቱን አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ከማን እንደምደብቀው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከልጄና ከእኔ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ያዘኝ። አምሮት ልበለው ብዬ ነበር፤ አይደለም። አምሮት እርጉዝ ሴት የሚይዛት ነው፤ ስም አለው፤ እንዲህ ያለው ነገር አማረኝ ትላለች፣ ሲመጣላት ይወጣላታል። የእኔ ስም አልነበረውም። ቆሎ ይሆን ብዬ ቆሎ እበላለሁ፤ አይደለም። ዳቦ ይሆን እላለሁ፤ አይደለም። ስኳር በማንኪያ እቅማለሁ። የልጄን ትራፊ «ምግብ ይደፋል ወይ» እያልኩ ከሳህኑ ላይ እጨርሳለሁ። ሆዴ እስኪያመኝ በልቼ የፈለግሁት እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገ ደግሞ እደግመዋለሁ።

የገረመኝ ሰው አለማወቁ ነው። በሚያስጨንቀኝ ነገር ሰው ሁሉ ያሞግሰኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ወፍራም ሴት የደላት ሴት ናት። ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያገኙኝ፣ «ተመችቶሻል! ባልሽ ደህና ይዞሻል ማለት ነው!» ይሉኛል። እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ቀሚሴ ጎኑ ላይ ተተርትሮ ሁለት ጊዜ አስፍቼዋለሁ። ባለቤቴ በራቀ ቁጥር እኔ ስወፍር፣ አገሩ ሁሉ ትዳሬ እንደሰመረ ያወራ ነበር።

ልጄ ግን ቀጭን ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእሷ በፊት የወለድኩት ልጅ አንድ ክረምት ሆዱን አሞት በሦስት ቀን ሞቶብኛል። ምን በልቶ እንደታመመ አልታወቀም። ስለዚህ ለእሷ የምሰጣት ሁሉ በልክ ነበር። ውሃዋን አፈላለሁ። ፍሬ አጥቤ በጨርቅ አደርቃለሁ። ከሰው ቤት አትቀምስም። «ይጨመርልኝ» ስትል «ሆድሽን ያምሻል» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ባልቴቷ ሐልዋ ሰጥተዋት ከእጇ ላይ ቀማኋት። ልጅቷ አላለቀሰችም። የተቀባ ጣቷን ላሰች፤ እያየችኝ።

ያን ሐልዋ ማን በላው? እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ፋሲካው ልምጣ። በጾሙ ማለቂያ ላይ ባለቤቴ በሌላ ሾፌር «ለበዓል እመጣለሁ» ብሎ ላከብኝ። ዶሮ ታረደ። ሽንኩርቱን ቀኑን ሙሉ ሳቁላላ ዋልኩ። አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚ አጥቤ፣ አጥቤ፣ ደግሜ አጠብኩ፤ በማጠብ ሰው አይበልጠኝም። ወጡ ሲደርስ ፈረሰኛውን ከሁለት እንቁላል ጋር ለይቼ በትንሹ ድስት ከደንኩ። እሑድ አልመጣም። ለልጄ ክንፉንና አንገቱን ሰጠኋት። «ፈረሰኛውስ?» አለችኝ። «የአባትሽ ነው» አልኳት።

ሰኞም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት አዛን ከተሰማ በኋላ፣ የጅጅጋ መኪኖች በሚገቡበት ሰዓት ጆሮዬን አቁሜ ቆየሁ። ከግንቡ ውጭ ጡሩምባ ይሰማል። አንዱ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የእሱ መኪና ጡሩምባ ሁለት ድምፅ አለው፤ አውቀዋለሁ። አልመጣም።

ልጄን «ሂጂ፣ እማማ ሻይ ካላቸው ጠጪ» ብዬ ወደ ባልቴቷ ሰደድኳት። ከቤት ውጪ እንድትቀምስ የፈቀድኩላት ያን ቀን ነው። በሩን ገፋ አደረግሁት፤ መቀርቀሪያውን አልጣልኩም። ድስቱን ከፈትኩ።

ሁለቱንም እንቁላል ሳይቀር በላሁት።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ታላቅ እኅቱ አብራው መጣች። እትዬ ነበር የምላት፤ በሸዋ በር በኩል የሚያውቋት ሁሉ በሥርዓት አክባሪነቷ ይፈሯታል። ልጅ አልወለደችም። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የድስት መክደኛ ነው፤ ልማዷ ነው። እንደ ልማዷ ወጡን ራሷ ልታወጣ ተነሣች። ትልቁን ድስት አማሰለች። ትንሹን ገለጠች።

«ፈረሰኛው የታለ?» አለች።

«እ…» አልኩ።

«አንቺ! የወንድሜ ፈረሰኛ የታለ ነው የምልሽ!»

ልጄ በሩ ሥር ቆማ ነበር፣ ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ። በእግዚአብሔር ፊት፣ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ዓይኔ ግን ወደ ልጄ ሄደ። ሄደና እዚያው ቀረ።

እትዬ ዓይኔን ተከትላ አየቻት።

«እሷ ናት? ሆዳም! የአባትሽን ድርሻ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ? ኧረ ጉድ!» ክንዷን ያዘቻት። ቆነጠጠቻት። ልጄ አፏን ገጠመች። እንኳን «እኔ አይደለሁም» ልትል፣ «ውይ» አላለችም።

ባለቤቴ ሳቀ። «ተያት እባክሽ፣ ልጅ ናት። እኔ እንደሆን አልራበኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ አልራበውም።

«ልጅ ናት እያላችሁ ነው ያጠፋችኋት! አንተ በሌለህበት፣ እናቷ ደግሞ ብቻዋን አልቻለቻትም፤ አታይም? ዛሬ ከድስት የሰረቀች ነገ ከሰው ቤት ትሰርቃለች። እኔ እወስዳታለሁ። ሥርዓት ትማር።»

«ደስ እንዳለሽ» አለ ባለቤቴ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ለአንቺም ዕረፍት ነው» አለኝ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ።» ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ግን ለባሌ እኅት፣ የባሌን ድርሻ ቆሜ በላሁ ብሎ መንገር ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ጊዜ ሚስት የነበረች ታውቀዋለች። ስርቆት ነው። ንቀት ነው። ባሏን የማትጠብቅ ሴት ናት መባል ነው። ሌላ ቤት ላለው ሰው ደግሞ ጥሩ ሰበብ መስጠት ነው። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩ። እያሰብኩ የልጄን ልብስ በሻሽ ቋጠርኩ። ልጄ ደብተሮቿን ይዛ ወጣች። ግቢው በር ላይ ደርሳ ዘወር አለች፤ የምትናገር መስሎኝ ደነገጥኩ። «እማዬ፣ ድመቷን አብያት» አለች።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ቀኖች ብዙ የምለው የለኝም። ለሁለት ሰው እንጀራ እጋግራለሁ፤ ሁለቱንም ድርሻ እበላለሁ። ለማን እንደምለካ ጠፋኝ። ፍሬ አጥቤ በጨርቅ አድርቄ አስቀምጠውና ይበሰብሳል። አንድ ቀን ሳህኗን አውጥቼ ወጥ ጨልፌበት በእሷ ቦታ ተቀምጬ በላሁ። ዝምታው ከበላሁት ምግብ ይልቅ ይከብደኝ ነበር።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። «አባ፣ የሰው ድርሻ በላሁ» አልኳቸው።

«የማን ድርሻ?»

«የባለቤቴን። ፈረሰኛውን።»

አባ ሳቃቸው መጣ፤ ጢማቸውን ያዙ። «የባል ድርሻ ለመብላትማ ሚስት ምን ይከለክላታል? ሆድሽን ግዢ። ሃያ ስግደት ስገጂ።» ሃያውን ሰገድኩ። ስለ ልጄ ግን አልነገርኳቸውም ነበር። ግማሽ ኑዛዜ ግማሽ አያሽርም፤ ጭራሽ አያሽርም።

ሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ባልቴቷ ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ጠሩኝ። ከፊታቸው አክርማና የተጀመረ ስፌት አለ። እኔ እፍኝ ቆሎ ይዣለሁ።

«ትንሿ የታለች?»

«አክስቷ ዘንድ ናት።»

«ትምህርት ተዘጋ እንዴ?»

«አልተዘጋም።»

«አሃ» አሉ። «ነይ ቁጭ በይ። እጅሽ ላይ ምንድን ነው? ቆሎውን አስቀምጪና ታጠቢ። በቅባት እጅ አክርማ አይነካም፤ ቀለሙን ይበላዋል። ወይ ብዪ፣ ወይ ስፊ።»

ታጥቤ መጣሁ። ወስፌውን ሰጡኝ። ለስፌት አዲስ አይደለሁም፤ የእሳቸው አሰፋፍ ግን ሌላ ነው፤ ቁጥሩን በልባቸው ይዘው፣ ቀለሙን ሳያዩ ነው የሚለዋውጡት። እኔ ተሳሳትኩ። ፈቱት። ደግሜ ተሳሳትኩ። ፈቱት። አዛኑ ተሰማ፤ ተነሥተው ሰገዱና ተመልሰው ተቀመጡ። ወዲያው ከግንቡ ውጭ ጡሩምባ ጮኸ። እኔ ብድግ አልኩ።

«ወዴት?»

«ቤት… ድስት ጥጄ ነበር።»

«ምንም አልጣድሽም። ጭስ የለም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ደጃፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጫለሁ። አንቺ ሁልጊዜ ከአዛኑ በኋላ ትገቢያለሽ፤ በሩን ትገፊያለሽ፤ አፍሽን እየጠረግሽ ትወጪያለሽ። ወላሂ፣ ከእኛ ሙአዚን ይልቅ ሰዓት ታከብሪያለሽ። ረኃብ ቢሆን አንዳንድ ቀን ይቀድማል፣ አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ይሄ ግን መኪና ነው የሚጠብቀው።»

ተቀመጥኩ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቄ መጣ። ሰው እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድስቱን፣ እንቁላሉን፣ ዓይኔ ወደ ልጄ መሄዱን። እትዬ እንደወሰደቻት።

ባልቴቷ መጀመሪያ «ሱብሃነላህ፣ ለአንድ ቁራጭ ዶሮ?» ብለው ሳቁ። ቀጥሎ መሳቃቸውን ተዉ።

«በአሹራ በዓላችን ለጅብ ገንፎ በቅቤ እንደምናወጣ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ሳይቀምስ ከሄደ እንፈራለን። ሙልጭ አድርጎ ከላሰውም እንፈራለን። በልቶ፣ በልቶ ትንሽ ሲተው ነው ዘመኑ ደህና የሚሆነው።»

«እኔ እንግዲህ ሙልጭ ያደረግሁት ጅብ ነኛ» አልኩ።

«ጅብስ በልጁ አያሳብብም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አክርማውን በከንፈራቸው አርሰው መስፋት ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዛኑ ሳይሰማ እጄን ታጥቤ ከእሳቸው ዘንድ እቀመጥ ነበር። የተማርኩት ነገር ካለ የተማርኩት እዚያ ደጃፍ ላይ ነው። ያ የሚይዘኝ ነገር እንደ መኪናዎቹ ነው። ከሩቅ ይሰማል፤ ይቀርባል፤ ሲቀርብ ግንቡን አፍርሶ የሚገባ ይመስላል፤ ከዚያ ያልፋል። ድሮ ሲቀርብ ተነሥቼ በሩን የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ወስፌ ይዤ ብቀመጥ አንድ ዙር ሳልጨርስ ያልፋል። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን ወስፌውን ጥዬ ገብቼ በልቻለሁ፤ ባልቴቷም ስመለስ «ታጠቢ» ከማለት በቀር አይናገሩኝም። ግን የመጣው ረኃብ እንዳልሆነ ካወቅሁ በኋላ ምግቡ ያሳፍረኝ ጀመር። ምን እንደሚያመኝ አውቄ ሌላ መድኃኒት እንደመዋጥ ያለ ነው።

አንድ ቅዳሜ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። በፈረስ መጋላ አቋርጬ በሸዋ በር ወጥቼ እትዬ ቤት ደረስኩ። ምሳ ላይ ነበሩ። ልጄ መጥታ ጉልበቴን ሳመችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከስታለች። እትዬ ከገበታው ራቅ አድርጋ ለብቻዋ በትንሽ ሳህን ነው የሰጠቻት። ልጄ ግራ ክንዷን በሳህኑ ዙሪያ አድርጋ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ሳታላምጥ ትውጣለች። ማንም የሚቀማት አልነበረም። እትዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ልጄ ከመሶቡ ቁራሽ ዳቦ አንሥታ በቀሚሷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

የራሴን እጅ ነው ያየሁት። እኔ ነኝ ያንን እጅ የሰጠኋት። ሌላው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ባሌም፣ ስሜም፣ አገሩ የሚለውም።

እትዬ ከጓዳ ስትወጣ ቆሜ ጠበቅኋት።

«እትዬ፣ ፈረሰኛውን የበላሁት እኔ ነኝ። ልጄ አልነካችውም።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት። ብቻዬን።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። እትዬ ግን የያዘችውን ማሰሮ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ልጄን አየቻት። ክንዷን አየቻት።

«እና ይህን ሁሉ ቀን የቆነጠጥኳት…» አለች። «እያየሽ? አፍ እያለሽ? እኔንም እኮ ኃጢአት አስገባሽኝ!» ከዚያ ንዴቷ መጣ። «ውሰጃት! ሥርዓትስ ለአንቺ ነበር የሚያስፈልግሽ! ለወንድሜ ግን እነግረዋለሁ፤ አልደብቅም።»

«ይንገሩት፣ እትዬ» አልኳት።

ስንወጣ ትልቅ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ልጄን አሸከመቻት። ይቅርታ ማለቷ ነበር መሰለኝ፤ ሌላ አነጋገር አታውቅም።

በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገርንም። ፈረስ መጋላ ስንደርስ ጠየቅኋት።

«ለምን እኔ አይደለሁም አላልሽም?»

«እሷ ናት ብል አባዬ ያባርርሻል ብዬ።»

«እኔ እንደሆንኩ በምን አወቅሽ?»

«በሩ አልተዘጋም ነበር።»

«ምን አየሽ?»

ዳቦውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዞረችው። «ጀርባሽን» አለች።

ልጄ ቤት ገብታም ዳቦ መደበቋን አልተወችም። ትራሷ ሥር፣ የደብተር ቦርሳዋ ውስጥ፣ ጫማዋ ውስጥ ሳይቀር አገኝ ነበር። እንደ ጠባዬ ብሆን አወጣውና «አይጥ ያመጣል፣ ሆድሽን ያምሻል» እል ነበር። አላልኩም፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ማለፍ ከባድ ነበር። ባልቴቷ ያስጨረሱኝን ጠማማ ስፌት በእሷ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ በየጠዋቱ እንጎቻና ቆሎ አደርግበታለሁ፤ አልከድነውም፤ አልቆጥረውም። መጀመሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶ ይሆናል። ሞላሁት። ደግሞ ባዶ ሆነ። ሆዷን ያማታል ብዬ እየፈራሁ ሞላሁት። ከወር በላይ ቆይቶ አንድ ቀን ማምሻውን ሳየው አንድ እንጎቻ ተርፎበታል። እጄን ሰድጄ ልበላው ነበር። ተውኩት።

ባለቤቴ እትዬ ከነገረችው በኋላ አልተቆጣም። በሌላ ሾፌር አፍ፣ «ፈረሰኛዬን የሚበላልኝ ካለ እኔ ምን ላደርግ እመጣለሁ?» ብሎ ላከ። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ስቆ ነገረኝ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለበዓልም አልመጣም። ባልናገር ኖሮም መምጣቱ አይቀጥልም ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ ግን በአንድ ቁራጭ ሥጋ ትዳሬን የበላሁ ይመስለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ፋሲካ መጣ። ዶሮ አልገዛም ብዬ ነበር፤ ልጄ ስታየኝ ገዛሁ። አሥራ ሁለቱን ብልት አጠብኩ። እጄ እንደለመደው ፈረሰኛውን ለይቶ በትንሹ ድስት ከደነው። ገበታ ቀርቦ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ለልጄ ቅልጥሙን ሰጠኋት። እሷ ትንሹን ድስት ታያለች።

«ለማን ነው?» አለች።

ለማን ልበላት? የለም የምለው ሰው አልሞተም። ይመጣል የምለውም ሰው አይመጣም። ድስቱን አንሥቼ በፊቷ ገለጥኩት። «ለአንቺ ነው፤ ብዪው» አልኳት።

እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፈረሰኛውን በጭልፋ አውጥታ በእኔ በኩል፣ እንጀራው ላይ አስቀመጠችው። ትኩስ ነበር።

«አንቺ ብዪው፣ እማዬ» አለች። «ተቀምጠሽ። እኔ እያየሁሽ።»

ከአሥር ዓመት በላይ ያንን ብልት ሳበስል፣ ሳሞቅና ስከድን ኖሬ፣ ትኩሱን ቀምሼው አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆረስኩ። አላመጥኩ። በርበሬው፣ ቅመሙ፣ የሽንኩርቱ ጣፋጭነት አንድ በአንድ መጣ። ደህና አድርጌ ሠርቼዋለሁ። ጥሩ ወጥ የምሠራ ሴት መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ልጄ ቅልጥሟን ይዛ፣ ሳትቸኩል እየበላች ታየኛለች።

ከግንቡ ውጭ ጡሩምባ ተሰማ፤ ሁለት ድምፅ ያለው ነው። ሁለታችንም ሰማነው። የእሱ መኪና ይሁን፣ እንደ እሱ ያለ ሌላ ይሁን እንጃ። እጄ እንጀራው ላይ ቆመ። ልጄ ዓይኗን አልነቀለችም። ድምፁ ቀረበ፤ በግንቡ ሥር አለፈ፤ ወደ ሸዋ በር በኩል ራቀ፤ ጠፋ። ማንም አልመጣም።

የቀረውን ፈረሰኛ አየሁት። ግማሽ ያህል ነበር።

«ጠገብኩ» አልኩ።

ልጄ ተነሥታ ትንሹን ድስት አመጣች። ግማሹን ከተተችበትና «የአንቺ ነው» ብላ ከደነችው።